እድፍ የመሰለኝ ጋላክሲ

ፒያሳ፣ አዲስ አበባ
ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሐሴትዬ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣

እንዴት ነሽልኝ? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሻል? እዚህ ክረምቱ ገብቶ ከቀትር በኋላ ዝናቡ አላስወጣ ብሏል፤ እኔ ግን ዘንድሮ ብርዱ አልተሰማኝም። ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ሥራሽን ጨርሰሽ፣ በርሽን ዘግተሽ፣ አረፍ ብለሽ አንብቢው፤ ረጅም ነው። በስልክ ያልነገርኩሽ ዓርብ ዓርብ የምትደውይባት ሩብ ሰዓት ለሰላምታ እንኳ ስለማትበቃ ነው። ጎረቤታችን ምብራት ለእረፍት መጥታ ከርማ ማክሰኞ ወደ ባህሬን ትመለሳለች። በእሷ እጅ እልክልሻለሁ ብዬ ዛሬ ኮፒ ቤቱን እንደከፈትኩ ሌላውን ሥራ ሁሉ ወደ ጎን አድርጌ ይህን ጀመርኩ።

ክፉ ወሬ የለም። ልብሽ እንዳይሰቀል ቶሎ ልንገርሽ፤ እናትሽ አንድ ጋላክሲ በሕይወት አገኘች። አልቀወስኩም። ጋላክሲው እንኳ ድሮም የታወቀ ነው፤ ኮከብ መውለድ አቁሟል፣ አብቅቶለታል ተብሎ ተትቶ ነበር። እንዳላበቃለት መጀመሪያ ያየሁት ግን እኔ ነኝ። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ባለፈው ሐሙስ አራት ኪሎ፣ ዶክተሮች በተቀመጡበት አዳራሽ ተነግሯል።

ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ። አቡበከር የሚባል ደንበኛ አለኝ፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ስለመጣ አታውቂውም። የስልጤ ሰው ነው። ወልቂጤ አሥራ አምስት ዓመት ፊዚክስ አስተምሮ፣ በአርባ ዓመቱ ሚስቱንና ሁለት ሴት ልጆቹን እዚያ ትቶ ለዶክትሬት የገባ። ጨዋ፣ ትንሽ ግትር፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ። ምዕራፍ በጨረሰ ቁጥር ፍላሹን ይዞ ይመጣል፤ እኔ ኅዳጉን፣ የገጽ ቁጥሩን፣ ማውጫውን አስተካክልለታለሁ። ታውቂኛለሽ፣ ያልገባኝን ነገር መተየብ አልወድም። የሕጉንም የከብት ሕክምናውንም ስተይብ ጠይቄ ነው። እሱንም ጠየቅኩት።

«ይሄ ሳተላይት የምትለው በዲሽ የሚመጣው ነው?»

«አይደለም እትዬ የሺ» አለኝ። ስቆብኝ አያውቅም። «እንደኛ ያለ ትልቅ ጋላክሲ በዙሪያው የሚዞሩ ትንንሽ ጋላክሲዎች አሉት። ሳተላይት የምንለው እነሱን ነው።»

«ምናቸውን ነው የምታጠናው?»

«ጋዛቸውን። ኮከብ የሚወለደው ከጋዝ ነው። ጋዙ ሲቀዘቅዝና በራሱ ክብደት ሲሰበሰብ ኮከብ ይሆናል። ጋዙ ያለቀበት ጋላክሲ ያሉት ከዋክብት እያረጁ ይሄዳሉ እንጂ አዲስ አይወልድም።»

«ማን ወሰደባቸው ታዲያ?»

«ትልቁ ጋላክሲ ዙሪያውን በስስና በጣም በሞቀ ጋዝ የተከበበ ነው። ትንሹ በዚያ ውስጥ በፍጥነት ሲያልፍ፣ ሞተር ሳይክል የሚነዳ ሰው ፊቱን ነፋስ እንደሚመታው ይመታዋል። ከዋክብቱን ምንም አያደርጋቸውም። ጋዙን ግን ገፎ ይወስደዋል።»

ያን ቀን ከሄደ በኋላ ሳስበው ዋልኩ። ማታ ቤት ስገባ የአንቺን መጻሕፍት ያስቀመጥኩበትን ካርቶን ከአልጋ ሥር አወጣሁት። አትቆጪኝ፤ አቧራቸውን ብቻ ልጠርግ ነበር። የሁለተኛ ዓመት ደብተርሽ ውስጥ ስለ ሞገድ የጻፍሽው አለ። ከጎኑ በእርሳስ «ይሄ ደስ ሲል» ብለሻል። ትምህርቱ እንዲህ ደስ ይልሽ እንደነበር አላውቅም ነበር። ፊዚክስ የመረጥሽው ነጥብሽ ስለደረሰልሽ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አቡበከር ያጠናው በአንድ ትልቅ ጋላክሲ ዙሪያ ያሉ አሥራ አራት ትንንሾችን ነው። ጋዛቸውን የሚያሳየው መረጃ የተገኘው ደቡብ አፍሪካ ካለ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ነው። ድምዳሜውን እኔው ስለተየብኩት በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ከትልቁ ራቅ ያሉት ስምንቱ ጋዝ አላቸው፣ ኮከብ ይወልዳሉ፤ ቅርብ ያሉት ስድስቱ ግን አንዳቸውም ጋዝ የላቸውም፣ መውለድ አቁመዋል። ጥርት ያለ ነገር ነበር። በየሠንጠረዡ የስድስቱ አኃዝ እኩል ሲሰለፍ ለዓይንም ደስ ይላል።

ግንቦት ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ አምስት ቅጂ ሊያሳትም መጣ። ዓርብ የማስረከቢያው ቀን ነው። ካሳለፈው ለጥቅምት ይተላለፋል፤ ከትምህርት ቤቱ ያገኘው ፈቃድ ደግሞ ሰኔ ላይ ያልቃል። ይህን ሁሉ አስቀድሞ ነግሮኛል። እሱ ባንኮኒው ጋ ቆሞ ስልኩን ሲነካካ እኔ ባለ ቀለሟ ማተሚያ ላይ ገጽ በገጽ አያለሁ። ገጽ ሰማንያ ሰባት ላይ ስደርስ፣ ከስድስቱ የአንዷ ምስል ጎን ላይ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ እድፍ አየሁ። የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል።

መቼም ያሳፍራል። ሰው ስንት ዓመት የለፋበትን ነገር በእድፍ እሰጠዋለሁ? ማሽኑን ከፍቼ ድራሙን፣ እየዞረ ቀለሙን ወረቀት ላይ የሚያሳርፈውን ጥቅልል፣ ጠረግኩ፣ እንደገና አተምኩ። እድፉ አለ። የቀለሙን ዕቃ፣ ቶነሩን፣ አውጥቼ ነቅንቄ መለስኩ። አለ። ያኔ ነገሩ ከነከነኝ። የድራም እድፍ ጠባዩ ይታወቃል፤ ከላይ እስከ ታች በእኩል ርቀት ይደጋገማል፣ በሚቀጥለውም ገጽ ይከተልሻል። ይሄኛው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ሰማንያ ስድስትም ሰማንያ ስምንትም ንጹሕ ናቸው። ስለዚህ ምን አደረግኩ፣ ምስሉን ኮምፒውተሩ ላይ ዘቅዝቄ አተምኩት። እድፉ የማሽኑ ከሆነ በቦታው መቅረት አለበት። አብሮ ተዘቀዘቀ፤ ከምስሉ ጎን ንቅንቅ አላለም።

«አቡበከር» አልኩት፣ «ይሄ እድፍ የኔ አይደለም። ያንተ ፋይል ውስጥ ነው ያለው።»

መጥቶ አየው። የራሱን ላፕቶፕ ከፍቶ ያንኑ ምስል አየ። ስክሪኑ ላይ ከምንም አይቆጠርም፤ የኔ ማሽን ደግሞ ሰማያዊ ቀለም ላይ እጇ ከባድ ነው።

«ጫጫታ ነው» አለ። «ሬዲዮ ጣቢያ ሳይገኝ ሲቀር የሚያሰማው ሽሽታ አለ አይደል? እንደሱ ያለ ነው።»

«ሽሽታ ከሆነ ለምን ሌሎቹ አምስቱ ላይ የለም?»

ፊቱን አኮሳተረ። «እትዬ የሺ፣ ዓርብ ላስረክብ ነው። ልጆቼን ከገና ወዲህ አላየኋቸውም። እባክዎን ያትሙልኝ።»

እውነቱን ነው፤ እኔ ማን ነኝ? አተምኩለት። አምስቱንም አስተካክዬ በየመልኩ ደረደርኩለት። በፌስታል ይዞ ወጣ። ደረጃው ላይ ሲደርስ ቆመ። በመስታወቱ አየዋለሁ፤ ዝናቡ እየጀመረ ነው፣ ሰው በሁለቱም ጎኑ ያልፋል፣ እሱ ቆሟል። ተመልሶ ገባና ፌስታሉን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው።

«ያንን ዘቅዝቀው ያተሙትን ይስጡኝ» አለኝ። እሱን ብቻ አጣጥፎ ኪሱ ከቶ፣ አምስቱን ጥሎብኝ ሄደ።

ሐሴት፣ ዓርብ እስኪደርስ ድረስ ምን እንደሆንኩ አልነግርሽም። በማያገባኝ ገብቼ የሰውየውን ዓመት ያበላሸሁበት ይመስለኛል፤ ደግሞ መልሼ እድፉን አስባለሁ።

ዓርብ የጁምዓ ሶላቱን ሰግዶ መጣ። አላስረከበም። ዓይኑ ቀልቷል፤ ፊቱ ግን የሌላ ሰው ፊት ነው።

«ፕሮግራሜ ጋዝ የሚፈልገው ከጋላክሲው መሐል ጀምሮ በአንድ ጠባብ ክብ ውስጥ ነው» አለኝ። «እዚያ ውስጥ የለም። ጋዙ ወደ ጎን ተገፍቶ ከክቡ ወጥቷል። እኔ ፕሮግራሙን አመንኩ እንጂ ምስሉን አላየሁም።»

«ሽሽታ አለመሆኑን በምን አወቅህ?»

«እርስዎ ባደረጉት ዓይነት ነው ያወቅኩት። ቴሌስኮፑ ያንን ቦታ በሁለት የተለያዩ ቀናት ነው ያየው። እኔ ሁለቱን ደምሬ ነበር የሠራሁት። አሁን ለየብቻ አደረግኳቸው። ሽሽታ ቢሆን በአንዱ ቀን ታይቶ በሌላው ይጠፋ ነበር። በሁለቱም ቀን፣ እዚያው ቦታ ላይ ነው።»

ተቀመጥኩ።

አማካሪው ዶክተር ቴዎድሮስ ግን ቶሎ የሚደሰቱ ሰው አይደሉም። «ጥሩ፣ ጋዝ ነው» ብለውታል፤ «የዚያች ጋላክሲ ጋዝ መሆኑን በምን አወቅህ? ከኋላዋ ወይም ከፊቷ ያለ የሌላ ጋላክሲ ቢሆንስ? የእሷ ከሆነ ደግሞ ኮከብ እየወለደችበት ነው ወይስ እንዲሁ እያፈሰሰችው?» ተገቢ ጥያቄ ነው። አንቺም ብትሆኚ ይህንኑ ትጠይቂ ነበር።

ወልቂጤ ደውሎ አንድ ወር ለመነ። ትምህርት ቤቱ ፈቀደለት። ዶክተር ቴዎድሮስም ጽሑፉን በፈታኞች ፊት የሚከላከልበትን፣ ዲፌንስ የሚሉትን ቀን እስከ ሐምሌ አስገፉለት። ሚስቱ ሁዳ ምን አለችህ አልኩት፤ «ሴትየዋ ልክ ከሆነች ጨርስ፣ ካልሆነች ግን ወደ ቤትህ ና ብላኛለች» አለኝ። ሴትየዋ እኔ ነኝ።

ያ ወር እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። በየሁለት ቀኑ ብቅ ይላል፣ ያገኘውን ይነግረኛል፣ እኔም እጠይቃለሁ። መጀመሪያ ፍጥነቱ ተገኘ። ጋዙ የሚጓዝበት ፍጥነት ሌሎች ተመራማሪዎች ቀድመው ከለኩት ከጋላክሲዋ ከዋክብት ፍጥነት ጋር ሊገጥም ምንም አልቀረውም። የሌላ ጋላክሲ ቢሆን እንዲያ አይገጥምም። የእሷ ነው ማለት ነው። የቀረው የኮከቡ ነገር ነበር።

ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ አንድ ቀን አምስት ሰዓት ገደማ፣ ከአራት ኪሎ ጀምሮ በዝናብ ሮጦ መጣ። ያ ጫማው ጭቃ ሆኗል። ሰላም እንኳ ሳይለኝ ላፕቶፑን ባንኮኒው ላይ፣ አንዲት ሴት ኮፒ ልታደርግ ባስቀመጠችው መታወቂያ ላይ ዘረጋው። ስክሪኑ ጥቁር ነው፤ መሐሉ ላይ የተበተነ ዱቄት የመሰለ ነጭ ብልጭታ አለ።

«ይሄ ከህዋ ላይ በአልትራቫዮሌት፣ ዓይናችን በማያየው ብርሃን የተነሳ ነው» አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «ከዓመታት በፊት የተነሳ፣ ማንም ሰው ሊያየው የሚችል ማኅደር ውስጥ የተቀመጠ። ቦታውን ይመልከቱ።»

ገጽ ሰማንያ ሰባትን አወጣሁና ከስክሪኑ ጎን ያዝኩት። እድፉ ያለበት ቦታ ነው።

«ምንድን ናቸው?» አልኩት። አውቄዋለሁ፤ ግን ከአፉ መስማት ፈለግኩ።

«አዲስ የተወለዱ ከዋክብት ናቸው። እንዲህ የሚያበሩት ትልልቆቹና በጣም የጋሉት ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ዕድሜያቸው አጭር ነው። ካየናቸው የተወለዱት በቅርቡ ነው።»

«በቅርቡ ስትል መቼ?» አለች ባለመታወቂያዋ። እሷም አንገቷን አስግጋ ታያለች።

«ባለፉት መቶ ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ።»

ሴትየዋ አየችው፣ እኔን አየችኝ። «በቅርቡ ማለት ይሄ ከሆነ፣ እኔስ ለአንድ መታወቂያ ኮፒ ምን አስቸኮለኝ» አለች። ሦስታችንም ሳቅን፤ አቡበከር እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ተረጋግቶ ነገሩን አስረዳኝ። ነፋሱ ጋዙን ሲገፋው መግፋት ብቻ አይደለም፣ ይጨምቀዋልም። የተጨመቀው ጋዝ ደግሞ ኮከብ ይሆናል። ጋላክሲዋ ያላትን እየተነጠቀች፣ በዚያው በመነጠቋ ሰበብ ትወልዳለች።

«እስከ መቼ?» አልኩት።

«ጋዙ እስኪያልቅ። ከዚያ እሷም እንደ ሌሎቹ ታቆማለች። እኛ የደረስነው እየወለደች ሳለ ነው።»

አምስተኛው ምዕራፍ እንደገና ተጻፈ። «ስድስቱም» የሚለው በየገጹ «ከስድስቱ አምስቱ» ሆነ። ሠላሳ ዓመት ስተይብ እንደዚያ ደስ ብሎኝ ያረምኩት ነገር የለም። አንድ ነገር ብቻ ቅር አሰኘኝ፤ የምስጋናውን ገጽ ለኔ አልሰጠኝም፣ ስድስት ኪሎ ሌላ ኮፒ ቤት አሳትሞ አመጣውና ሳላየው አብሮ አስጠረዘው። ሥራዬን ንቆ መሰለኝ። ሁለት ቀን አኮረፍኩት።

ሐሙስ ዕለት ኮፒ ቤቱን ዘግቼ፣ ያቺን አመድማ ካፖርቴን ለብሼ ሄድኩ። የግቢው ዘበኛ «እናቴ፣ ምን ጉዳይ ነው?» አለኝ። ዲፌንስ አለብኝ አልኩት። መታወቂያዬን አገላብጦ አየና «ይቅናዎት» ብሎ አስገባኝ። ሁዳና ልጆቿ ከወልቂጤ መጥተው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ እኔ ከኋላ ቁጭ አልኩ። ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ነው፤ ግን እኔ የጽሑፉን ገጽ ሁሉ ስለማውቀው አንድም ቦታ አልጠፋብኝም። ቀጥሎ የሚመጣውን ምስል ሳይመጣ አውቀዋለሁ።

ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የተጋበዘች አንዲት ፈታኝ አለች፣ መነጽር ያደረገች፣ ፈገግ የማትል። ስትጠይቅ ቆይታ፣ «በመጀመሪያው ረቂቅህ ስድስቱም ጋዝ የላቸውም ብለህ ነበር። ይህን እንዴት አገኘኸው?» አለችው።

አቡበከር ውሃ ጠጣ። «እኔ አይደለሁም ያገኘሁት» አለ። «ጽሑፌን የሚያትሙልኝ ወይዘሮ የሺ ናቸው። እድፍ መስሏቸው ሊያጠፉት ሞክረው አልጠፋ ብሏቸው ነው። የምስጋናው ገጽ ላይ ጽፌዋለሁ። እዚህ አሉ።»

አዳራሹ ሁሉ ዞረ። መቼ እንደቆምኩ አላውቅም። ፈታኟ መነጽሯን አውልቃ በአማርኛ «እድፉ የማተሚያው አለመሆኑን እንዴት አወቁ?» አለችኝ።

ልጄ፣ የድራም እድፍ በእኩል ርቀት እንደሚደጋገም፣ ይሄኛው እንዳልተደገመ፣ ምስሉን ብዘቀዝቀው አብሮ እንደተዘቀዘቀ፣ አንድ በአንድ ነገርኳት። ስጨርስ እሷ እስክሪብቶዋን አንስታ ጻፈችው፤ የተናገርኩትን ጻፈችው። ዕድሜዬን ሙሉ የሌላ ሰው ቃል የምጽፍ እኔ ነበርኩ።

አለፈ፤ ዶክተር አቡበከር ሆነ። ሁዳ አቀፈችኝና ጆሮዬ ላይ «ሴትየዋ ልክ ነበረች» አለችኝ።

ስወጣ ዶክተር ቴዎድሮስ ደረጃው ላይ ደረሱብኝ። «እመቤቴ፣ ፊዚክስ ተምረዋል እንዴ?» አሉኝ። እኔ አይደለሁም፣ ልጄ ናት አልኳቸው። ስምሽን ጠየቁኝ። ስነግራቸው ቆም አሉ። «ሐሴት ገብረክርስቶስ? ከኋላ ተቀምጣ፣ ክፍሉ ሊወጣ ሲል እጇን የምታወጣዋ?» አሉ። አራት ዓመት ሙሉ አስታውሰውሻል። «ሦስተኛ ዓመት ላይ ጠፋችብን። ምን ሆና ነው?» አሉኝ።

አባቷ ታሞ ነበር አልኩ። ለሕክምናው ገንዘብ ልትልክ፣ ለአንድ ዓመት ተብሎ ነው የሄደችው አልኩ። እሱም አርፏል፣ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው አልኩ። «በደንቡ አመልክታ ነው ያቋረጠችው?» አሉኝ፤ አዎን አልኩ። ማመልከቻውን የተየበው ማን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። አንቺ አጠገቤ ቆመሽ ነበር፤ «እማዬ፣ ቀኑን አትርሺ» ነበር ያልሽኝ።

ትናንት ጠዋት ሬጅስትራር ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ጥሩ ሰው ናት። በደንቡ አመልክቶ የሄደ ተማሪ መልሶ ለመግባት መጠየቅ ይችላል፣ የሚወስነው የትምህርት ክፍሉ ነው፣ ማመልከቻው እስከ መስከረም አሥራ አምስት ይገባል አለችኝ። ፎርም ሰጠችኝ። እኔ የጠየቅኩት እንዲያው ለማወቅ ነው። አንቺን ምንም አላልኩም። እዚያ የለመድሽው ሥራ አለሽ፣ ልጆቹም እንደሚወዱሽ ነግረሽኛል፤ የራስሽን አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ እንደሆንኩ ደህና ነኝ፤ ብቻዬን ነኝ፣ ለአንድ ሰው የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፣ ኮፒ ቤቱ ይበቃኛል።

ዛሬ ጠዋት ይህን ከመጀመሬ በፊት ፎርሙን ልሞላልሽ ተቀምጬ ነበር። ስምሽን ጻፍኩ። የመታወቂያ ቁጥርሽን ጻፍኩ፤ በቃሌ ነው የማውቀው። «ያቋረጡበት ምክንያት» የሚለው መስመር ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ። ሁለት ደንበኛ መጥቶ ሄደ። መስመሩን ባዶውን ትቼ ፎርሙን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አጥፌዋለሁ። አንቺ የመሰለሽን ጻፊበት፤ ምንም ብትጽፊ አልከፋም፣ እውነቱን፣ ለእኛ ስትዪ እንዳቋረጥሽ ብትጽፊም አልከፋም።

የአራዳው ጊዮርጊስ በመውጣትሽም በመግባትሽም ይቅደምልሽ። እጅሽ የነካው ይባረክ፣ ልብሽ ያሰበው ይቃና። የአባትሽ ነፍስ በምትሄጅበት ሁሉ ትጠብቅሽ። ዕድሜ ሰጥቶኝ እኔም እንደዚያች እንደ ሁዳ ፊት ለፊት ተቀምጬ አንቺን ልይሽ።

እናትሽ
የሺ